ለክቡር ስብሰባ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፡- አንዲት ማኅተም እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ አንዲት ደብዳቤ ይዤ ወረዳችን ደጃፍ ደርሻለሁ። ደብዳቤዋ ተጽፋለች፣ ተፈርማለች፣ የወጪ ቁጥርም ተሰጥቷታል። የቀራት ማኅተም ብቻ ነው። ሥራው ምን ያህል እንደሚፈጅ እርስዎም አያጡትም፤ አንዴ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ፣ እፍ ብሎ ማድረቅ፣ አለቀ።

«ማኅተም የያዘችው ልጅ ስብሰባ ላይ ናት» አሉኝ ጥበቃው።

«መቼ ትወጣለች?»

«ሲያልቅ።»

«መቼ ያልቃል?»

ጥበቃው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ የጠየቅኋቸው ይመስል።

እርስዎና እኔ የቆየ ትውውቅ ስላለን አልተከራከርኩም፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር «ማረጋገጫ ደብዳቤ፤ 15 ደቂቃ» ይላል። በየትኛው ዓመት ውስጥ የሚገኝ 15 ደቂቃ እንደሆነ ግን አይልም። አምስት ሰዓት ሲሆን ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ከአዳራሹ ብቅ ብሎ አግዳሚው ላይ ያለነውን በዓይኑ ቆጠረን።

«ባለጉዳዮች፣ ኑ ግቡ፤ ሕዝብ ጎድሏል።»

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። ለካ እርስዎ «ከኅብረተሰቡ ክፍሎች ጋር» የሚካሄዱ ኖረዋል፤ የኅብረተሰቡ ክፍሎች ደግሞ ቀርተዋል። ስለዚህ ለመሸኛ የመጣው፣ ለልደት ካርድ የመጣው፣ ለንግድ ፈቃድ የመጣው ሁሉ ተጠርጎ ገባ። የስም መቆጣጠሪያው ላይ ስንፈርም «የተወከሉበት አካል» በሚለው ዓምድ ምን እንጻፍ ብለን ጠየቅን። «የሀገር ሽማግሌ ብላችሁ ሙሉት» አለን። ዕድሜዬ 38 ነው።

ከመድረኩ በላይ «ቀልጣፋ አገልግሎት ለዜጎች እርካታ!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ያገኘሁት ክፍት ወንበር አንድ ብቻ ነበርና ተቀመጥኩበት። አጠገቤ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? ማኅተም የያዘችው ልጅ።

«እህቴ፣ ማኅተሟ የት ናት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«እባክሽ እንግዲህ፣ ይቺን አንድ ጊዜ...»

ልጅቱ ክው አለች። «እንዴ! ስብሰባ ላይ እኮ ነኝ!»

ቦርሳው ከጉልበቴ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። እዚያው ስንዝር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ከላይ እስከ ታች ቁርጠኛ አመራር መኖሩን፣ ሲጉላሉ ካረፈዱት ጋር ጎን ለጎን ሆኜ አዳመጥኩ። (ልጅቱን አልወቅሳትም። ተነሥታ ብትወጣ ስሟ የሚነሣው እርስዎ ፊት ነው፤ እኔን ብታጉላላ ግን የሚጠይቃት የለም።)

በመጨረሻ ሰብሳቢው «አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ሳትፈሩ፣ በነጻነት፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ» አሉ። እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎን መጣልኝ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ለአንዲት ማኅተም ነው፤ ማኅተሟ ደግሞ እነሆ ከጎኔ...» ከማለቴ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ጥሩ ነው፤ እንደ ግብአት እንወስደዋለን። ወደ ግል ጉዳይ ባንገባ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ማይክሮፎኑም ከእጄ ሄደ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ቅድም እጅህን ስታወጣ አላነሣሁህም፤ እንደገና ታወጣልኛለህ?» አለኝ።

አወጣሁለት።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ልናገርባት ያወጣኋትና የታጠፈችብኝን እጅ ለፎቶግራፍ ደግሜ ዘረጋኋት፤ እንዲያውም ትንሽ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ማታ ፎቶው «ነዋሪዎች በአገልግሎት አሰጣጡ መርካታቸውን ገለጹ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። መሀል ላይ የተንጠራራችው እጅ የእኔ ናት። ባለቤቴ አይታ «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የረካኸው?» አለችኝ።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የመጡት ለጡረታቸው ነው፤ በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጡ ተብለው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተመላልሰው ሁለቱንም ቀን እርስዎ ተካሂደውባቸዋል። ለምሳ ስንበተን ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ አሁን ይሰጡናል አይደል?» አሉኝ። «እማማ፣ ከሰዓት ይቀጥላል ብለዋል» አልኳቸው። መቋሚያቸውን አስተካክለው፣ ምንም ሳይሉ፣ ወደ አግዳሚው ተመለሱ። አውራ ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ድረስ ሰማያዊ ነበር። ስም መቆጣጠሪያው ላይ በአሻራ ነበር የፈረሙት።

እስቲ ንገረኝ። አሻራቸውን ወስደሃል። ቆጥረሃቸዋል። ለሪፖርትህ ሲሆን በሕይወት አሉ፤ ለጡረታቸው ሲሆን ማስረጃ የለም! ያን ያህል ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ ዘግተህበት፣ አንዲት እናት ዓይንህ ሥር ተቀምጠው እየተነፈሱ፣ «አዎን፣ እየተነፈሱ ናቸው» ብሎ የሚጽፍላቸው አንድ ሰው ታጣለህ? በሰው እግር ትቀልዳለህ? ነውር ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ነውር ነው።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ አንቱታው አመለጠኝ።

ትውልድዎንም አላጣሁትም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ በ1967 ቀበሌን ሲወልድ እርስዎ አብረው የወጡ መንታው ነዎት። በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ ተብለው አባቴን አስተኝተዋል፤ በኢሕአዴግ ጊዜ ግምገማ ተብለው አጎቴን አስለቅሰዋል። በዚያው ዘመን ካይዘን ሲሉዎት፣ የለውጥ ሠራዊት ሲሉዎት፣ ጥልቅ ተሐድሶ ሲሉዎት ሰምቻለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የታሸገ ውሃ መጨመርዎን ግን አልክድም።

ፋይዳ ስመዘገብ ዐሥር ጣቶቼንና ሁለት ዓይኖቼን ሰጥቻለሁ፤ እኔ እኔ ለመሆኔ ግን አሁንም የአንዲት ማኅተም ምስክርነት ያሻል።

በሕግ እንነጋገር ካሉም፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ ነጻነት ሰጥቶኛል። ወረዳው ይህን ነጻነቴን በእኔ ፈንታ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሳይሰስት እንዲጠቀምበት ውክልና የሰጠሁ አይመስለኝም። አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳቤን የመግለጽ መብት ይሰጠኛል፤ «አጠር አጠር አድርገህ» የሚል ንዑስ አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ። ስለ ፖለቲካ ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለም መልሴ እዚህች ላይ ነው፤ እኔ ትልልቁን ነገር አላውቅም፣ ከፓርቲም የለሁበት፣ መንግሥትን የማየው በመስኮት ነው። መስኮቱ ደግሞ ተዘግቶ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ ልክተት ብዬም ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰው እርስዎ ዘንድ ነው።

ሐሙስ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማክሰኞውን ስብሰባ ለመገምገም ስብሰባ ተጠርቷል። ባጅ ያንጠለጠለው ወጣት በር ላይ ቆሞ አግዳሚውን ሲቆጥር ሳየው ግንቡን ታክኬ ሹልክ አልኩ፤ 38 ዓመት ሙሉ ሠርቄ የማላውቅ ሰው እንደ ሌባ ሮጥኩ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፣ ሠራተኞቹን በሙሉ ይያዟቸው፣ ሰብሳቢውንም፣ ባነሩንም፣ የታሸገውን ውሃም። ማኅተሟ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ወጥታ እንድትመለስ፣ ከእኔም በፊት ለእማማ እንዲደረግላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

(ፊርማ አለው፤ ማኅተም የለውም)