ስኳር ማቆምና የቫይረስ ካባ

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንዱ "ስኳር ካቆማችሁ ቫይረስ ሽፋኑን መሥራት አይችልም" እያለ ሲያስረዳ አየሁት። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዛ ግን ተናደድኩ፣ ሙሉ ውሸት ቢሆን አልፌው እሄድ ነበር፣ ችግሩ ውስጡ እውነት አለበት።

እውነቱ የሚጀምረው ከዶሮ ነው። ፈንግልን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፣ መጥቶ የሰፈሩን ዶሮ ጠራርጎ የሚሄደውን። በ1971 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጃፓን ውስጥ እነ ታካትሱኪና ታሙራ ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባል ባክቴሪያ ያገኙት ንጥረ ነገር የፈንግልን ቫይረስ እንዳይራባ ሲያደርገው አዩ። ስሙን ቱኒካማይሲን አሉት፣ ቱኒካ በላቲን ካባ እንደማለት ነው፣ የቫይረሱን ካባ ስለሚነካ።

ፈንግል፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኤችአይቪ፣ ኮሮና፣ ዴንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት)፣ እነዚህ ሁሉ ከኛው ሴል የወሰዱትን የቅባት ሽፋን ለብሰው ነው የሚወጡት፣ ሽፋኑ ላይ ደሞ ሌላ ሴል የሚይዙበት ፕሮቲን ተሰክቷል። ፕሮቲኑ ሲሠራ ስኳር ይለጠፍበታል፣ ግላይኮሲሌሽን የሚሉት ይሄን ነው። ኤችአይቪ ላይ ያለውን ጂፒ120 ብትመዝኑት ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። እና ቫይረሱ የራሱ መለጠፊያ የለውም፣ የኛን ነው የሚጠቀመው። ይሄ ስኳር ግን ከሻይ ማንኪያ የሚመጣ አይደለም፣ ሴሉ ራሱ የሚያዘጋጀው ነው፣ ሙሉ ቀን ብትጾሙም ጉበታችሁ ግሉኮስ እየሠራ ያቀብለዋል። ስለዚ ሻያችሁን ጠጡ።

አሠራሩ ደስ ይላል። ሴላችን 14 ስኳሮችን በአንድ ዘለላ አዘጋጅቶ ፕሮቲኑ ገና እየተሠራ እያለ ይሰካበታል። ከዛ ጫፉ ላይ ካሉት 3 ግሉኮሶች ሁለቱ ይቆረጣሉ፣ የቀረውን አንዱን ካልኔክሲን የሚባል ፕሮቲን ይዞ "ቆይ፣ በደንብ ሳትታጠፍ አትወጣም" ይለዋል፣ ልክ ልብሱን ሳያስተካክል ልጇን ከቤት እንደማታስወጣ እናት። ቱኒካማይሲን ዘለላው ገና ሲጀመር ነው የሚያስቀረው።

ታዲያ ይሄ ሲቋረጥ ቫይረሱ አይገጣጠምም ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ መልሱ እንደ ቫይረሱ ነው። በ1981 ቱኒካማይሲንን የአይጥ ኮሮናቫይረስ ላይ ሞክረውት ቫይረሱ መውጣቱን አላቆመም፣ ግን መላጣ ሆኖ ወጣ፣ ያ ታዋቂው እሾህ የለውም፣ ሴልም መያዝ አልቻለም። ሽፋኑን ቀርፆ የሚያወጣው ኤም የሚባለው ፕሮቲን ስኳሩ በሌላ መንገድ ነው የሚለጠፍበት፣ መድኃኒቱ እሱን አይነካውም። ከብት አፍ የሚያቆስለው ቬሲኩላር ስቶማታይትስ ደሞ የባሰ ያስገርማል፣ ኦርሴ የሚባለው ዝርያ 30 ዲግሪ ላይ ያለ ስኳርም ደህና ቫይረስ ይሠራል፣ ሙቀቱ 38 ሲሆን ግን ምርቱ ይወርዳል። ስኳሩ እንደ ጡብ ሳይሆን ፕሮቲኑ እንዲታጠፍ እንደ ደጋፊ ነው ማለት ነው፣ ያለ ደጋፊ የሚቆምም አለ።

ቱኒካማይሲን ለሰው አይሰጥም፣ የኛንም ሴል ይገድላል። ግን የሐር ትል ከሚበላው የመልበሪ ቅጠል የሚገኝ ዲኦክሲኖጂሪማይሲን የሚባል ነገር አለ፣ እሱና ዘመዶቹ ዘለላውን ትተው የግሉኮሶቹን መቆረጥ ብቻ ነው የሚያግዱት። ይሄ ሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር በ2014 ታተመ፣ የመጀመሪያውን ግሉኮስ የሚቆርጠው ኤንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ወንድምና እህት። ፀረ እንግዳ አካላቸው በጣም ዝቅተኛ ነው፣ በኢንፌክሽን መሰቃየት ነበረባቸው፣ ግን ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን አልነበረባቸውም። ሴላቸው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሞከር ኤችአይቪና ኢንፍሉዌንዛ ተዳከሙበት፣ ሽፋን የሌላቸው ፖሊዮና አዴኖቫይረስ ግን እንደ ልባቸው ሆኑ። (ልጆቹ በሌላ በኩል በጽኑ የታመሙ ናቸው፣ እንደ ጸጋ እንዳታዩት።)

እዚህ ላይ ነው የኔ ቅሬታ። ሲንጋፖር ውስጥ ሴልጎሲቪር የሚባለውን፣ እንደ ዲኦክሲኖጂሪማይሲን የግሉኮሶቹን መቆረጥ የሚያግድ መድኃኒት ለ50 የዴንጊ ታማሚዎች ከነማነጻጸሪያው ሞከሩት፣ ውጤቱ በ2014 ወጣ፣ ጉዳት አላመጣም፣ ግን ቫይረሱንም ትኩሳቱንም ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። ከዛ ብዙ ሰው ሐሳቡን "አይሠራም" ብሎ መዝጋት ጀመረ። እኔ አልዘጋውም። ዴንጊ ላይ ሰው ትኩሳት ይዞት ሐኪም ቤት ሲደርስ ቫይረሱ ደሙን ሞልቶታል፣ ካባው ተሰፍቶ አልቋል፣ ስፌት የሚያስቆም መድኃኒት በዛ ሰዓት ምን ይሠራል? በኋላ አይጥ ላይ የተሠራውም መቼ እና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ለውጥ እንዳለው አሳይቷል። መድኃኒቱ የራሳችንን ኤንዛይም ስለሚይዝ ደሞ ቫይረሱ ሚውቴሽን ሠርቶ ማምለጥ ይከብደዋል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ ገብቶባታል፣ ከዛም ተመላልሷል። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ሲተኛ የቀሩት በዛችው ትንኝ ነው የሚነከሱት። የመድኃኒቱ ሙከራ መሠራት ያለበት እነሱ ላይ ነው፣ ገና ሳያተኩሳቸው።