እርማት፦ አይሲ መቀየር እምምታውን አያጠፋውም

«ራሳችሁ የሠራችሁት የጊታር ፔዳል እምምም ካለ አይሲው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ቀይሩት» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። (ፔዳል የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው፤ አይሲ ደግሞ በውስጡ ድምፁን የሚያጎላው ትንሽ ቺፕ።) በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ልክ አይደለም። ርካሽ አይሲ ቢያመጣ ቢያመጣ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። ወፍራሙ እምምታ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከአዳፕተሩ ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ አዳፕተሩን ነቅላችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩት። ጸጥ ካለ አይሲው ከደሙ ንጹሕ ነው። ያኔ በኃይል መግቢያው መስመር ላይ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ከሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ (ፖላሪቲውን፣ ማለትም የ+ እና የ− ጫፎቹን፣ እንዳትገለብጡ!)። በባትሪም ካልተወው የብረት ሳጥኑ ከግራውንድ ጋር መገናኘቱን እዩ። እኔ አንዴ ደህናውን አይሲ ስነቅል የቦርዱን መዳብ አብሬ ላጥኩት። እምምታው ግን ንቅንቅ አላለም።