ማን እያባረረህ ነው?

በዓለም አደባባይ በሯጮቿ በታወቀች አገር ውስጥ ጠዋት በአስፋልት ላይ ሲሮጥ የታየ ሰው ወይ አትሌት ነው፣ ወይ ታክሲ አምልጦታል፣ ወይም የሰው ንብረት ይዞ እየሸሸ ነው። ቦርጩን አስቀድሞ፣ ቱታውን ለብሶ፣ ሐኪም ስላዘዘው ብቻ ሶምሶማ የሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ በዚህ ምደባ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህም ያገኘው መንገደኛ ሁሉ ወይ “አይዞህ፣ በርታ!” ብሎ ያበረታታዋል፣ ወይም ከትከሻው ባሻገር አሻግሮ እያየ አባራሪውን ይፈልግለታል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከጨረሰ ወዲህ ሩጫ በእኛ ዘንድ የአገር ክብር ሆኗል፤ የአገር ክብር የሆነውን ነገር ደግሞ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እያለከለከ እንዲያበላሸው የሚፈቅድ ሕዝብ የለም።

ይህን ጣጣ በጥቂቱም ቢሆን ያቃለለው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በዓመት አንድ ቀን አዲስ አበባን በካናቴራ ያጥለቀልቃታል፤ በዚያች ቀን ከተሳታፊው ብዙው ስለሚዘፍን፣ ስለሚጨፍርና ስለሚራመድ የሚባረርም የሚያባርርም የለም። ካናቴራው ግን ዋና ሥራውን የሚጀምረው ከሩጫው በኋላ ነው፤ ይተኛበታል፣ መኪና ይታጠብበታል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ባለቤቱ ሯጭ ለመሆኑ በማስረጃነት ይቀርባል። ማስረጃውን የለበሰ ሰው በሰፈሩ ኮረኮንች ላይ መሮጡ ስለማይመጥነው፣ ፎቶግራፍ ላይ ሲወጣ የሚያምር መንገድ ይፈልጋል፤ በተለይም ሐይቅ፣ ሐይቅ ከጠፋ ደግሞ የጥንት ግንብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሩጫ እንጀራቸውን የሚበሉት አትሌቶቻችን ገና ጎሕ ሳይቀድ እንጦጦ፣ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ደርሰው፣ በባሕር ዛፍ መካከል አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ በሰልፍ ይሮጣሉ። ለሜዳልያ የሚሮጥ ሰው የሚያየው ተረከዝ ነው፤ መልክዓ ምድር የሚመርጠው ከመሮጡ ይልቅ መሮጡ እንዲታወቅለት የሚሻው ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው በቅርብ የሚገኘው ሐይቅ የቢሾፍቱ ነው። ከተማዋ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ እነ ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ ተኝተዋል። 5 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ሰው፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ክፍያውን ከፍሎ፣ ነዳጁን አቃጥሎ ሲደርስ ሐይቁ በቦታው የለም ማለት ይቻላል። ሐይቁስ አለ፤ ግን የጉድጓዱን አፍ ይዘው የተሠሩት መዝናኛዎችና የግል ግቢዎች ስለከበቡት፣ ዙሪያውን የሚሮጥ ሰው ለረጅም ርቀት የሚያየው ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦና የተዘጋ የብረት በር ነው። አልፎ አልፎ በሁለት አጥር መካከል በምትገኝ ክፍተት የውኃው ሰማያዊነት ብልጭ ትልና ትጠፋለች፤ ፎቶግራፉም የሚነሣው እዚያች ክፍተት ላይ ተጠብቆ፣ ተራ ተይዞ ነው።

ደፍሮ ከአንዱ በር ላይ የቆመ ሯጭ የሚገጥመው ምልልስ በአብዛኛው ይህን ይመስላል።

“ወንድሜ፣ ምን ፈልገህ ነው?”

“ሐይቁን እያየሁ ልሮጥ ነበር።”

“ለመዝናናት ነው?”

“አይደለም፣ ለመሮጥ ነው።”

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች ያየዋል፤ ላቡን፣ ካናቴራውን፣ በእጁ የያዘውን ግማሽ የደረሰ የውኃ ጠርሙስ። ከዚያም በፍጹም ትሕትና፣ “ለመሮጥ ከሆነማ መንገዱ ያውልህ፣ ውጭ ነው” ይለዋል። ዘበኛው ምንም አላጠፋም፤ ቁርስ አዝዞ ለሚቀመጥ ሰው ሐይቁ ክፍት ነው። በእኛ አገር የውኃ ዳርቻ የተሰጠው ለተቀማጭ እንጂ ለሯጭ አይደለም።

ሐዋሳ በዚህ በኩል ትሻላለች። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነሥቶ፣ ከተማዋን ከሐይቁ ሙላት ለመከላከል በተሠራው ግድብ ላይ በአንድ በኩል ውኃውን፣ በሌላው በኩል የዋርካውን ጥላ እያዩ መሮጥ ይቻላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ራሰ በራቸውን አቀርቅረው እንደ ጡረተኛ ዳኞች ዳር ይዘው ቆመው ያያሉ፣ ግን አስተያየት አይሰጡም። የሐዋሳ ችግር አጥር ሳይሆን ሰው ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ የሚያውቁት ሰው ነው።

አንድ ባለትዳር ጎልማሳ ትንፋሹን አስተካክሎ፣ እግሩ ከምቱ ጋር ተስማምቶ መሮጥ በጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ የእናቱ ጓደኛ ከፊት ለፊቱ ይመጣሉ። እጅ አንሥቶ ማለፍ አይቻልም። ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ፣ በላቡ ይቅርታ ጠይቆ፣ “እንዴት አደሩ?” ማለት አለበት፤ እሳቸውም የባለቤቱን፣ የልጆቹን፣ የእናቱን ጉልበት፣ ከዚያም ባለፈው ዓመት ወደ አዲስ አበባ የተዛወረውን የወንድሙን ጤንነት ተራ በተራ ይጠይቃሉ። በመጨረሻም ሳይጠየቁ የማይታለፈውን ይጠይቁታል፦ “ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የምትሮጠው? ደኅና አይደለህም እንዴ?” ለጤናዬ ነው ቢል ታሟል ይባላል፤ ለመክሳት ነው ቢል ሚስቱ ምግብ ከለከለችው ይባላል፤ መልስ ሳይሰጥ ሮጦ ቢያልፍ ደግሞ ገና ቤቱ ሳይደርስ “የእገሌ ልጅ ገንዘብ ሲያገኝ ሰላምታ ተወ” የሚል ወሬ ዕድርተኛውን ሁሉ ያዳርሳል። በእጁ ላይ ያለው ዘመናዊ ሰዓት ይህን ስለማያውቅ፣ ሲቆም መቁጠር እንዲያቆም ተደርጎ ተሠርቷል፤ በመሆኑም ሦስት ሰላምታ የተፈጸመበት ጠዋት በስልኩ ላይ የሚመዘገበው በማያቋርጥ ሩጫ የተሸፈነ ርቀት ሆኖ ነው። የሰላምታው ሰዓት የትም አይገባም፤ ድካሙ ግን አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

የሐዋሳው ሩጫ የሚያበቃበት ቦታም የታወቀ ነው። የግድቡ መንገድ ሯጩን ይዞ ይዞ አሞራ ገደል፣ የዓሣው ገበያ ዘንድ ያደርሰዋል፤ እዚያም ቆሮሶው ሲጠበስ፣ ሾርባው ሲጨስ የሚሸተው ሰው ሌላ ዙር እሮጣለሁ ቢል የሚያምነው የለም። የተቃጠለው ስብ በአንድ ሳሕን ተተክቶ፣ ትንሽም ትርፍ ተጨምሮበት ወደ ቤት ይመለሳል።

ግንብ ለሚመርጥ ሰው ግን ከሐረር የሚወዳደር የለም። ኤሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ከጠላት ለመከላከል ያሠሩት ጀጎል ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ ቁመቱም 4 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ወደዚህ ግንብ ሲገባ ነፍሱን በእጁ ይዞ ነበር፤ ዛሬ ግን ጠላት ለመመለስ የተሠራው ጀጎል እንግዳ ለመሳብ ከተሠሩት የሐይቅ ዳር አጥሮች እጅግ የተሻለ ገር ነው። በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር ገብቶ ለመውጣት ማንም “ምን ፈልገህ ነው?” ብሎ አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በስሌቱ መሠረት ጀጎልን ከውጭ 12 ጊዜ የዞረ ሰው ማራቶን ጨረሰ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ 12 ዙር ማለት በ5ቱ በሮች 60 ጊዜ ማለፍ ሲሆን፣ በየበሩ ከተቀመጠው ሰው “አቦ ምን ያስሮጥሃል? ና ቁጭ በል!” የሚል ግብዣ 60 ጊዜ ተቀብሎ 60 ጊዜ እምቢ የሚል ጨዋ ሰው ገና አልተወለደም። በተለይ ከቀትር በኋላ፣ የበርጫው ሰዓት ደርሶ ከተማው ጋደም ሲል፣ የሚሮጥ ሰው ማየት ለሐረር ሰው ከልብ የሚያሳዝን ነገር ነው። ትራሱን ጠጋ ያደርግለታል፣ ውኃ ይቀዳለታል፤ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ምርቃናው ሲጀምር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሆነው ነገ ጠዋት በ11 ሰዓት ተነሥተው ጀጎልን በሙሉ ለመዞር ይስማማሉ፤ መንገዱን ይከፋፍላሉ፣ አሰልጣኝ ይመርጣሉ፣ የማኅበር ስም ያወጣሉ፣ አንዳንዴም የክለቡ ገንዘብ ያዥ ማን ይሁን በሚለው ላይ ይጣላሉ።

በ11 ሰዓት የሚነሣው ግን ጅቡ ነው፤ እሱም ወደ ቤቱ ለመመለስ ነው የሚነሣው። ማታ ከሰው እጅ ሥጋ የሚጎርሱት የሐረር ጅቦች፣ በግንቡ ሥር በተከፈቱላቸው ቀዳዳዎች ገብተው ሌሊቱን የመንደሩን ጥራጊ ሲያጸዱ ያድሩና ሊነጋጋ ሲል ይወጣሉ። ከምዕራቡ ከፍታ ወደ ኤረር በር የሚወርደውን ቁልቁለት በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ሰው አጠገቡ ዱብ ዱብ የሚል አጃቢ ሊያገኝ ይችላል። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ አሰልጣኝ አላውቅም፤ ስለ እናትህ ጤና አይጠይቅም፣ ና ቁጭ በል አይልም፣ ፍጥነትህንም ያለምንም ሰዓት ያስተካክልልሃል። ማን እያባረረህ ነው ለሚለው ጥያቄም በቂ መልስ ይሆናል።

ግንቡንም ሐይቁንም በአንድ ጉዞ ለማየት የሚመኝ ሰው ከሐረር በድሬዳዋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወጣ ሐረማያን ያገኛል። በሐይቆቻችን መካከል ከሁሉም በላይ የሮጠው ይህ ሐይቅ ነው። ለከተሞች መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃው ያለ እረፍት ሲቀዳ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የተጠረገው አፈርም ሲሞላው ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ጨርሶ ደረቀ፤ የዓሣው ቤት የከብት መሰማሪያ ሆነ። ቅርብ በሆኑት ዓመታት ደግሞ የተፋሰሱ ሥራና ዝናቡ አግዘውት ተመልሷል። በዚህ ምክንያት የሐረማያ ዙሪያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሯጮች ሲከራከሩ ሁሉም ልክ ናቸው፤ የለኩበት ዓመት ብቻ ይለያያል። ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ከዳር እስከ ዳር መሐሉን አቋርጦ መሮጥ ይቻል ነበር፤ ዛሬ በዚያው መሥመር እሮጣለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ዋና መቻል አለበት።