የዳባት መዝገብ እያለ «ዕድሜ አናውቅም»?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በአንድ የምርምር ውይይት ላይ፣ እርጅናን በዘረመልና በኤፒጄኔቲክ መረጃ (ዲኤንኤ ላይ በሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶች) እናጥና የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውድቅ ተደረገ። የተሰጠው ምክንያት እስካሁን ያንገበግበኛል። አገሩ የወጣት ነው፣ ጊዜው ገና ነው ተባለ። ይባስ ብሎ፣ ሽማግሌዎቻችን ዕድሜያቸውን ስለማያውቁ ጥናቱ አይሠራም ተባለ።

ይህ ማምለጫ እንጂ ምክንያት አይደለም። ካርድ ክፍል ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» «ጣሊያን ሲወጣ ጡት ጥያለሁ።» «እንግዲያው ሰማንያ ልበልዎት?» ካርዱ ላይ 80 ይጻፋል፣ ሐኪሙም ያንን ይዞ ያክማል። ዕድሜ በግምት በሚሞላበት አገር፣ የሰውነትን እርጅና ከደም የሚያነብ ዘዴ ከኛ በላይ ለማን ያስፈልጋል? ደግሞስ በአውሮፓውያኑ 1996 እዚሁ ሰሜን ጎንደር፣ ዳባት ወረዳ የተቋቋመው የጥናት ማዕከል ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ የኖረው ለመቼ ነው?

እንዲህ ያለ ዘዴ አለ፤ ሳይንቲስቱ ስቲቭ ሆርቫት በአውሮፓውያኑ 2013 ያወጣው፣ «ኤፒጄኔቲክ ሰዓት» የሚባለው ስሌት ዲኤንኤ ላይ 353 ቦታዎችን አይቶ ዕድሜን ይገምታል። እዚያ የሚለጠፉት ኬሚካላዊ ምልክቶች ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣሉ፤ ረሃብም አሻራውን ይተውባቸዋል። ሆላንዶች በአውሮፓውያኑ ከ1944 ወደ 45 በተሻገረው የብርድ ወራት ተራቡ። ያኔ ገና ማህፀን ውስጥ የነበሩት ከስድሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ አይጂኤፍ2 በሚባለው ዘረመል ላይ ምልክቱ ካልተራቡት ወንድም እህቶቻቸው ሳስቶ ተገኘ። ያ ረሃብ የወራት ነበር። የኛ 77ስ? ወሎን፣ ትግራይን፣ የጎንደርንም ክፍሎች የፈጀው ድርቅ? ያኔ በእናታቸው ሆድ የነበሩት ዛሬ አርባን አልፈዋል። ስኳሩና ደም ግፊቱ የሚጀምራቸው አሁን ነው። ታናናሾቻቸው አጠገባቸው አሉ፣ ማወዳደር ይቻላል። አሁን ካልተጠኑ መቼ ሊጠኑ ነው? እኔ በበኩሌ ያ ረሃብ ዛሬም በሰዎቻችን ደም ውስጥ እንዳለ አልጠራጠርም።

የሰሜን ተራሮች ሰው አየሩ በሳሳበት ከፍታ እንዴት እንደሚኖር በዘረመል ሲጠና «ጊዜው ገና ነው» ያለ አልነበረም። እርጅና ላይ ሲደርስ ነው ገናው የመጣው። ዓለም አቀፉ የዘረመል መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው። በነሱ ልክ የተሰፋ ሰዓት ለኛ እንዲሠራ እኛው መፈተሽ አለብን።

አንድ ስጋት ብቻ እቀበላለሁ፤ ናሙናው ውጭ ሄዶ እንዳይቀር። መልሱ ግን ጥናቱን መከልከል አይደለም። ናሙናው ጎንደር ይቀመጥ፣ ትንታኔውን የኛ ልጆች ይሥሩት፣ ደሙን የሚሰጠው ሰውም ለምን እንደሚሰጥ በአማርኛ በደንብ ይነገረው። ሐሳቡ ተመልሶ ይታይ፣ ሥራውም ከዳባት ይጀመር።