ማስተካከያ፦ የአውስትራሊያ የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) ሪፈረንደም የመምረጥ መብት አልሰጠም

"የአውስትራሊያ አቦርጂኖች (የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች) መምረጥ የቻሉት በ1967ቱ ሪፈረንደም ነው" የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እየተቀባበላችሁት ነው። ስህተት ነው። በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት ለሁሉም በሕግ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ኩዊንስላንድ ግን በክልሏ ምርጫ እስከ 1965 ድረስ አንገራግራለች። የ1967ቱ ሌላ ሥራ ነው የሠራው። ከ90 በመቶ በላይ መራጭ "አዎ" አለና የአገሪቱ ሕዝብ ሲቆጠር አቦርጂኖች እንዳይቆጠሩ የሚያዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 127 (ይታያችሁ፣ በገዛ አገራቸው!) ተሰረዘ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ስለነሱ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አገኘ። በጥቅምት 2023 ውድቅ የሆነውንም ሪፈረንደም ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ የጠየቀው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ዕውቅና እንዲያገኙና ፓርላማውንና መንግሥትን የሚያማክር አካል እንዲኖራቸው ነበር፤ 60 በመቶ ገደማው መራጭ "አይሆንም" አለ።