ቴሪ ፎክስን ሩጫ አልገደለውም

የካናዳ መንግሥት አንድ እግሩን በካንሰር አጥቶ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ካናዳን ለማቋረጥ የሮጠውን ወጣት፣ የቴሪ ፎክስን፣ ምስል በአዲሱ ባለ 5 ዶላር ኖት ላይ ለማሳተም መወሰኑ በቶሮንቶው ማኅበረሰባችን ዘንድም መነጋገሪያ ሆኗል። ሰሞኑን በአንድ የአማርኛ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ግን ልጁ አርፎ ቢታከም ኖሮ ይድን እንደነበር፣ የገደለው ሩጫው እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በገንዘብ ላይ ማተምም ሕሙማንን ለጥፋት መገፋፋት እንደሆነ አስረግጠው ሲናገሩ፣ አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ አመስግኖ ሸኛቸው።

ከሁሉ የከፋው ሩጫው ገደለው የሚለው ነው። ቴሪን የያዘው ኦስቲኦሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ሲሆን፣ ሲዛመት በአብዛኛው የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1977፣ ሩጫውን የጀመረው በ1980 ነው። ካንሰሩ የተነሣበት አጥንት ከሦስት ዓመት በፊት ተቆርጦ ወጥቶ ሳለ፣ መሮጥ በሽታውን በየት በኩል ወደ ሳንባው ወሰደው? የሐኪም ቀጠሮዎቹን መዝለሉ እውነት ነው፤ አልክድም። ከዚያ ተነሥቶ ሩጫውን ገዳይ ማድረግ ግን ድፍረት ነው። አልጋ ላይ መዋል መድኃኒት ቢሆን ኖሮማ በካናዳ ተመራማሪዎች ተመርቶ በ2025 ይፋ የሆነው ጥናት ተቃራኒውን ባላሳየ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ከጨረሱ 889 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች መካከል፣ ለሦስት ዓመት በባለሙያ እየታገዙ እንቅስቃሴ ያደረጉት የመሞት ዕድላቸው የምክር ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

በእኛ ቤት የካንሰር ምርመራ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለታማሚው ሳይሆን ኮሪደር ላይ ለታላቅ ወንድሙ ወይም ለልጁ ነው። ጠያቂ ይጎርፋል፣ አጥሚት ይቀርባል፣ አይዞህ ይባላል፤ በክፍሉ ካሉት ሁሉ ስለ ሕመሙ ያነሰ የሚያውቀው ግን የተኛው ሰው ነው። ይህን ፍቅር እንለዋለን፤ እኔ ግን የሰውን የቀሩ ቀኖች መቀማት ነው እላለሁ። እንግዳው ይረፍ ሲሉ የሚሟገቱት ለዚህ ልማድ ነው። ቴሪ ቀኖቹን ለማንም አላስረከበም። ኤፕሪል 12 ቀን 1980 በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ባለችው በሴንት ጆንስ ከተማ ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነክሮ ተነሣ፤ በቀን 42 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ማራቶን፣ ይሮጥ ነበር። ሰው ሠራሹ እግር ለቀጣዩ እርምጃ እስኪደርስ በደኅነኛው እግሩ ሁለቴ እየረገጠ ይሄዳል፤ የተቆረጠው እግሩ ጫፍ እየተላጠ ይደማል። መጀመሪያ ላይ ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ነበር። ፖርት ኦ ባስክ ሲደርስ ግን 10,000 ያህል ነዋሪ የነበራት ያቺ ከተማ ከ10,000 ዶላር በላይ አዋጥታ ሰጠችው፤ ውሎ አድሮም ግቡ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ሆነ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሳልና የደረት ሕመም ተንደር ቤይ አጠገብ ሲያስቆሙት በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነበር፤ ካንሰሩም ሳንባው ውስጥ ተገኘ። በፌብሩዋሪ 1981 መዋጮው የአገሪቱን ሕዝብ ቁጥር ያህል፣ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ደረሰ። ይህን በሕይወቱ አይቶ በጁን ወር በ22 ዓመቱ አረፈ። እነዚያን 143 ቀናት ጣሪያ እያየ ቢያሳልፋቸው ኖሮ ማን ይጠቀም ነበር?

እንግሊዛዊቷ ጄን ቶምሊንሰንም በ2000 ካንሰሯ እንደማይድን ከተነገራት በኋላ ማራቶን ሮጣ፣ አሜሪካን በብስክሌት አቋርጣ፣ በ2007 እስክታርፍ ድረስ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስባለች። እርሷንም ተኝተሽ ጠብቂ ሊሏት ነው?

ምርምርን መደገፍ የመንግሥት ግዴታ ነው የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። መንግሥት በጀት እስኪመድብ ይጠብቅ የሚባለው ታማሚ ግን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ በቴሪ ስም እስካሁን የተሰበሰበው ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይም ጠብቆ የመጣ አይደለም።

ጣቢያው በቀጣዩ ዝግጅቱ አንድ የካንሰር ሐኪምና ሕክምና ላይ ያለ አንድ ታማሚ አቅርቦ ያሰራጨውን ስሕተት በዚያው ሰዓት ማረም አለበት። ያን ቀን ሬዲዮ ከፍተው ያዳመጡ፣ ሐኪማቸው በእግር ተንቀሳቀሱ ያላቸው ሕሙማን አሉና።