የመድኃኒት ካናቢስ አደራረቅ በተቆጠበው ሰዓት ብቻ አይለካም

ካናቢስን (ዕፀ ፋርስን) ለመድኃኒትነት ማምረት በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ የተሰበሰበውን አበባ በማይክሮዌቭ የማድረቅ ሐሳብ ሲነሣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሰማው የጊዜ ጉዳይ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው ሥራ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ መሣሪያ ሻጩ የሚያጎላው ነገርና ገዥው ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ይለያያሉ። እኔ ይህን ዘዴ የምደግፈው በአግባቡ ከተያዘ የዛሬውን ምርት ከሚቀጥለው ወር ምርት ጋር አንድ ዓይነት ለማድረግ ስለሚያስችል ነው። መድኃኒቱን የሚወስደው ታካሚ አበባው በስንት ቀን እንደደረቀ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያለፈው ወር መጠን ሕመሙን እንዳስታገሠለትና የዚህ ወሩ እንዳላስታገሠለት ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። እንደተቆረጠ ያለ አበባ ከክብደቱ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። 80 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ ግራም አበባ ወደ 10 በመቶ እርጥበት እንዲወርድ ከተፈለገ፣ በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚቀረው 22 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ወደ 78 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ውኃ ተንኖ መውጣት አለበት። ይህን ውኃ ለማትነን ብቻ፣ ምንም ሳይባክን ቢታሰብ እንኳ፣ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር አበባው ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ ይሰቀላል፤ በዚያ ሁሉ ቀን የውጨኛው ቅጠል ሲኮማተር የመካከለኛው ዘንግ ግን ርሶ ይቆያል። ሻጋታ የሚያደባው እዚያ ነው። ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ጥቅጥቅ ያለውን አበባ ከውስጥ ጀምሮ ያበላሸዋል፤ አስፐርጂለስ ደግሞ የሰውነት መከላከያቸው በካንሰር ሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት ለተዳከመ ሰዎች ሳንባ አደገኛ ነው። በመድኃኒት ካናቢስ ከሚጠቀሙት መካከል እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም።

ማይክሮዌቭ በዚህ ቦታ ላይ እውነተኛ ብልጫ አለው። ፐርሲ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1945 በሬይቲየን ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የራዳር ሞገድ ምግብ እንደሚያሞቅ ካስተዋለ ወዲህ መርሁ አልተለወጠም፤ 2450 ሜጋኸርዝ በሆነ ሞገድ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስኩ በሰከንድ ወደ 5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል አቅጣጫውን ሲለዋውጥ፣ የውኃ ሞለኪውሎች እሱን ለመከተል ሲታገሉ ይሞቃሉ። ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ አይጠበቅም፤ ብዙ ውኃ ባለበት ቦታ፣ ማለትም በዚያው ርሶ በሚቀረው ዘንግ ውስጥ፣ በርትቶ ይፈጠራል። የሞቃት አየር ማድረቂያ ይህን ማድረግ አይችልም።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ብልጫ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነና ሞገዱ ከብረት ግድግዳዎች ላይ እየነጠረ ስለሚደራረብ፣ በሳጥኑ ውስጥ በጣም የሚሞቁና እምብዛም የማይሞቁ ቦታዎች ጥቂት ሴንቲሜትሮች ተራርቀው ይፈጠራሉ። የወጥ ቤት ማይክሮዌቭ ሳህኑን የሚያሽከረክረው ለዚህ ነው። ያው የወጥ ቤት መሣሪያ በግማሽ ኃይል እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ በአብዛኛው የሚያደርገው ሙሉ ኃይሉን ለጥቂት ሰከንዶች ለቅቆ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ማቆም ነው፤ ጆሮ ለሰጠው ድምፁ ሲነሣና ሲተኛ ይሰማል። ለሾርባ ይህ ምንም አይደለም። ለአበባ ግን በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች አንዱ ጫፍ ሊጠበስ ይችላል፤ ስለዚህ በቤት መሣሪያ የሚደረግን ሙከራ እዚህ ከምንነጋገርበት ነገር ጋር ማምታታት ተገቢ አይደለም።

የኢንዱስትሪው መልስ ሞገዱን ከዝቅተኛ ግፊት ጋር ማጣመር ነው። አየሩ ተመጥጦ ግፊቱ ወደ 7.4 ኪሎፓስካል ሲወርድ ውኃ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ወደ 4.2 ኪሎፓስካል ሲወርድ ደግሞ በ30 ዲግሪ። እንዲህ ያለው የቫኪዩም ማይክሮዌቭ ማድረቂያ በካናዳ ካናቢስ አምራቾች ዘንድ ሥራ ላይ ውሏል። ግፊቱን ከልክ በላይ ማውረድም የራሱ መዘዝ አለው፦ የቀረው ስስ አየር በሞገዱ ኃይል ተቀጣጥሎ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታው የነካው ምርት ይቃጠላል። ኃይልና ግፊት አብረው ካልተመጠኑ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል ማለት ነው። የሙቀት ልኬቱም ቀላል አይደለም። ተራው የብረት ቴርሞሜትር በሞገዱ መካከል አይታመንም፤ በኢንፍራሬድ የሚለካው መሣሪያ ደግሞ የሚያየው የአበባውን ገጽ ብቻ እንጂ የሚሞቀውን እምብርት አይደለም። በኦፕቲካል ፋይበር የሚሠራ መለኪያ ሳይኖረው «ሙቀቱን እንቆጣጠራለን» የሚል አምራች ምን እየለካ እንደሆነ ቢጠየቅ ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በአበባው ላይ ላሉትና የመድኃኒቱን ንጥረ ነገሮች ለያዙት ጥቃቅን የሙጫ ዕጢዎች ሲባል ነው። ትኩሱ ተክል በብዛት የያዘው ቲኤችሲ የተባለውን፣ የካናቢስን ዋና ውጤት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ሳይሆን አሲዳማ ቅርጹን፣ ቲኤችሲኤን ነው። ቲኤችሲኤ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ በአብዛኛው ወደ ቲኤችሲ ይለወጣል፤ ላቦራቶሪዎች የአሲዱን መጠን በ0.877 የሚያባዙትም በዚህ ለውጥ የሚጠፋውን ክብደት ለማስላት ነው። አበባውን አሙቆ በትነት ለሚወስድ ሰው ለውጡ ቀድሞ መከሰቱ በራሱ ብዙ ጉዳት የለውም ሊባል ይችላል፤ በእኔ አመለካከት የልኬቱ ዋና ጥቅም ምስክርነቱ ነው። ከመድረቁ በፊትና በኋላ የሁለቱ ንጥረ ነገሮች ምጣኔ በእጅጉ ከተለያየ፣ የመሣሪያው ሰሌዳ 40 ዲግሪ ቢያሳይም አበባው ውስጥ የሆነ ቦታ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሞቆ ነበር ማለት ነው። መዓዛ ሰጪዎቹ ተርፒኖች ደግሞ ከዚህም ይልቅ ስስ ናቸው። ፓይኒንና ሚርሲን የሚፈሉት ከ150 ዲግሪ በላይ ቢሆንም እስከዚያ አይጠብቁም፤ የሚተነው ውኃ ይዟቸው ይወጣል።

ከዚህ በመነሣት ማይክሮዌቩ ሥራውን እስከ መጨረሻው ይጨርስ የሚለውን አሠራር አልስማማበትም። ውኃው ሲያልቅ ሙቀቱን የሚወስድለት ትነት ስለማይኖር የቀረው ኃይል የሚያርፈው በራሱ በአበባው ላይ ነው። እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሞገዱን አጥፍቶ የቀረውን ለቀዝቃዛ፣ ለተመጠነ አየር መተው የተሻለ ይመስለኛል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጨመራል፤ ሻጩ አይወደውም። ያቺ ጊዜ ግን ሌላ ጥቅም አላት፦ ጥርቅ ብሎ የተሰበረ ዘንግ ያለው፣ ደረቅ የሚመስል አበባ በተከደነ ዕቃ ውስጥ አድሮ ሲወጣ ተመልሶ የሚለሰልስበት ጊዜ አለ፤ ከእምብርቱ የወጣው እርጥበት ወደ ገጹ ተዛምቷል ማለት ነው። በመሆኑም መጨረሻው መወሰን ያለበት በጣት ሳይሆን ሻጋታ ሊጠቀምበት የሚችለውን ነፃ ውኃ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር በሚያሳየው ልኬት ነው፤ ኤኤስቲኤም የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መስፈርት ለደረቅ አበባ የተቀመጠው ወሰን ከ0.55 እስከ 0.65 ነው።

በዝግታ የማድረቅ ደጋፊዎች ያላቸውን መከራከሪያ አላናንቅም። ቀስ ብሎ የደረቀ አበባ የሣር ጣዕሙ ስለሚቀንስ ሲሳብ ጉሮሮን አያስከፋም፤ በፍጥነት የደረቀው ለዚህ ለውጥ ጊዜ አያገኝም። አበባው ተጨምቆ ዘይት ወይም እንክብል የሚሆን ከሆነ ግን ይህ ጣዕም ትርጉም የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ማይክሮዌቩ ጀርሙንም ይገድላል» የሚለው ማስታወቂያ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት የሚደረግ ማድረቅ የሻጋታን ዘር አያጠፋም፤ ሞገዱ በርትቶ የተወሰነውን ቢገድል እንኳ ሻጋታው አስቀድሞ የለቀቀው መርዝ በቦታው ይቀራል። ሻጋታ የጀመረው ምርት ወደ ማድረቂያው መግባት የለበትም።

የዚህ ዘዴ ማረጋገጫ በቀረበ ጊዜ ገዥው ትኩረቱን ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ላይ ቢያደርግ እላለሁ። ከሙሉው ምርት ተደባልቆ የተወሰደ ናሙና አማካዩን ብቻ ስለሚናገር፣ የተጠበሰው ጥግና ርሶ የቀረው መሐል እርስ በርስ ተካክሰው ያማረ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ከትሪው መሐል፣ ከጠርዙና ከአራቱ ማዕዘናት ለየብቻ የተወሰዱ ናሙናዎች እርጥበት፣ የቲኤችሲኤ መጠንና የተርፒን ይዘት ጎን ለጎን ተጽፎ መቅረብ አለበት፤ ልዩነቱ ሰፍቶ ከተገኘም አበባው በሣሣ ንብርብር እንዲዘረጋና ትሪው እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ፣ ልኬቱ እንደገና ይወሰድ።